የእማማ ጉልበትና የሻንጣው ኪኒን

ከአሜሪካ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ አድቪልና ታይሊኖል አይጠፉም። 85 ዓመት ለሞላቸው እናት ሁለቱም «የጉልበት መድኃኒት» ናቸው። ሰውነታቸው ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ግን ለየቅል ነው።

አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፤ ሰፈር ፋርማሲ ከሚሸጠው ዳይክሎፌናክ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሕመም የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ግን ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውንም ሥር ከፍተው ይይዛሉ። ጤነኛ የወጣት ኩላሊት ለጥቂት ቀን ቢያጣቸው ይችለዋል፤ ያረጀው በእነሱ ተደግፎ ነው የሚውለው።

እማማ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ እንበል። ኢናላፕሪል ከማጣሪያው ደም የሚወጣበትን ሥር ያሰፋል፣ የሚያሸናው የሰውነትን ውሃ ይቀንሳል፣ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ደግሞ መግቢያው ይጠባል። ማጣሪያው ደሙን የሚያጣራበት ግፊት ያጣል። ተቅማጥ ከያዛቸው፣ ወይም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ከዋሉ፣ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። የደም ግፊታቸውም ሊጨምር ይችላል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ያክላል። ማስታገሻው ካርዳቸው ላይ አልተጻፈም፣ ገዝታ ያመጣችላቸው ጎረቤት ናትና።

ላብራቶሪም ያዘናጋል። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ፣ በከሱ አዛውንት ላይ ኩላሊቱ እየደከመም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ጨጓራም ሳያቃጥል ሊደማ ይችላል፤ በተለይ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ለሚወስዱ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ታይሊኖል ፓራሲታሞል ነው፤ በዚህ ዕድሜ ቀድሞ የሚሞከረውም እሱ ነው። የአዋቂ ጣሪያ በ24 ሰዓት 4000 ሚሊግራም ማለትም ባለ500 ስምንት ፍሬ ቢሆንም፣ ከ50 ኪሎ በታች ለሆኑና በደንብ ለማይበሉ አዛውንት ብዙ ሐኪሞች ከ2000 እስከ 3000 ላይ ይገቱታል፤ ምግብ ያነሰው ጉበት የመድኃኒቱን መርዛማ ዝቃጭ የማክሸፍ አቅሙ ይቀንሳልና። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር አብሮ ይቆጠር። ማሸጊያው ላይ «ፒኤም» የሚል ካለ ግን ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል እንቅልፍ አምጪ አለበት፤ አዛውንትን ያደናግራል፣ ሽንት ይይዛል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሚያወጣው የቢርስ መመዘኛ መወገድ ካለባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ይሄኛው ለእማማ ባይሰጥ ይሻላል።

ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ደግሞ ያለ ሐኪም አይነካም፤ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በሌሊት ለሽንት የተነሣን ሰው ይጥላል።

የሚያማቸው ጉልበት ብቻ ከሆነ በሻንጣው ቢመጣ የሚሻለው የዳይክሎፌናክ ቅባት ነው። ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ኩላሊታቸው ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ግን ለእሱም ሐኪም ይጠየቅ።