አዲስ በርሜል፣ አሮጌ መዝጊያ
የውጅግራ ሳይንስና ያገለገለ ጠመንጃ

በዲላ ከተማ ለሚኖርና ሕጋዊ ፈቃድ ላለው አንድ ሰው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ያገለገለ ጠመንጃ ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ሻጩ «ሰደፉ ቢያረጅም በርሜሉ ተለውጧል፤ እንደ አዲስ ቁጠረው» ይላል። ገዢው በርሜሉን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ ሲመለከት ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል። ለመሆኑ ይህ ጠመንጃ አዲስ ሊባል ይችላልን? ጥያቄው የገበያ ቢመስልም መልሱ የፊዚክስ ነው። ምሳሌያችንም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ አባቶቻችን ውጅግራ ብለው የሚጠሩት መሣሪያ ነው።

የጠመንጃ ገበያ በዘመነ ምኒልክ

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ መሣሪያው በባዚል ግራ ስም ተሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር መሣሪያ ሆነ። የበርሜሉ ቀዳዳ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ወታደሩ መዝጊያውን ከፍቶ አንድ ጥይት ያጎርሳል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳል፤ ከዚያም ቀለሁን አውጥቶ እንደገና ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጢስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውንና በርካታ ጥይቶችን በአንድ ጊዜ የሚጎርሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ስትቀበል፣ ሌሎችም መንግሥታት ተከተሏት። በአንድ ጊዜ የአውሮፓ ግምጃ ቤቶች አገልግሎት ባቋረጡ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃዎች ተሞሉ። ለአውሮፓ ያረጀው ለሌላው ዓለም ሸቀጥ ሆነ፤ ከገዢዎቹም አንዱ ምኒልክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1896 በዓድዋ ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ከያዛቸው መሣሪያዎች መካከል ውጅግራ ይገኝበታል።

ይሁን እንጂ ያገለገለ መሣሪያ ሁሉ እኩል አልነበረም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ከታጁራ ተነሥቶ በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ አመጣ። መሣሪያዎቹ በዚያን ጊዜ እንኳን ዘመን ያለፈባቸው፣ በአፈሙዝ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚሞላባቸው ነበሩ። ምኒልክ ዋጋውን አሳንሰው፣ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ ተቀናንሰው ገዙት። ነጋዴው ተማረረ፤ ገዢው ግን ያገለገለ ዕቃ በሻጭ ምስጋና እንደማይገዛ ያውቁ ነበር።

ነፍጥና ጌዴኦ

ይህ የጠመንጃ ንግድ ለጌዴኦ ሕዝብ ባዕድ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 አካባቢ የምኒልክ ሠራዊት ወደ አካባቢው ሲገባ ኃይሉ በነፍጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያም በኋላ ነፍጥ የያዘው ባለ ርስት ሆኖ፣ እንሰትና ቡና አልምቶ የሚኖረው ገበሬ ገባር ሆነ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ መሣሪያ የተወለደ ነው። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የጌዴኦ ገበሬዎች በባለ ርስቶች ላይ ባመፁበት የሚችሌ ግጭት፣ ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ወገን ጋር ተጋጠመ። የጠመንጃን አሠራር መመርመር ስለዚህ ከማኅበራዊ ታሪካችን የተለየ ጉዳይ አይደለም።

ቃታው ከተሳበ በኋላ

ቃታው ሲሳብ መቺው መርፌ የጥይቱን ቂጥ ይመታል፤ ባሩዱም ይቀጣጠላል። የሚፈጠረው ጋዝ የውጅግራን 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስወጣዋል። ተማሪ ሁሉ በሚያውቀው ቀመር፣ የእንቅስቃሴ ጉልበት የክብደት ግማሽ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነውና፣ ውጤቱ 2,500 ጁል ገደማ ይሆናል። በእንቅስቃሴ መጠን ብንሰላው ደግሞ 0.025 ኪሎ ግራም በ450 ሲባዛ ከ11 በላይ ነው። ጠመንጃው 4.2 ኪሎ ግራም ቢመዝን ከእርሳሱ ብቻ የሚመጣው ግፊት በሰከንድ ወደ 2.7 ሜትር ፍጥነት ወደ ተኳሹ ትከሻ ይወረውረዋል። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይኸው ነው።

ተኳሹ የማያስተውለው ግን ጋዙ ወደ ኋላም እንደሚገፋ ነው። ለስሌት ያህል ግፊቱ 1,500 የከባቢ አየር ግፊት ነው ብንል፣ በጥይቱ ቀለህ ውስጥ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ17 ኩንታል ክብደት በላይ ነው። ከ17 ኩንታል በላይ ቡና በአንዲት ሳንቲም በምታህል ብረት ላይ ቢጫን ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚይዘው መዝጊያው ነው።

ቀለሁ የሚሠራው ከነሐስ መሰል ለስላሳ ብረት ነው። በግፊቱ ተለጥጦ ከጥይት ማደሪያው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙ እንዳያመልጥም ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይሰበሰባል። ነገር ግን በቀለሁ ቂጥና በመዝጊያው መካከል ከልክ ያለፈ ክፍተት ካለ ቀለሁ ክፍተቱን ለመሙላት ይለጠጣል፤ ሲበዛበትም ከቂጡ አጠገብ ይቀደዳል። የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው።

በርሜል ሲለወጥ

በርሜል መለወጥ ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ውጅግራዎች ራሳቸው በከፊል የተሠሩት ቀድሞ በወረቀት ጥይት ይሠራ የነበረውን የ1866ቱን ሻስፖ በመለወጥ ነበር። ከ1914ቱ ጦርነት መጀመር በኋላ ደግሞ ፈረንሳይ በክምችት የነበሩ ውጅግራዎችን ባለ 8 ሚሊ ሜትር በርሜል ገጥማ ለለበል ጥይት አመቻቸቻቸው። ይህ የተቻለበት ምክንያት የለበል ጥይት ቀለህ የተፈጠረው የውጅግራን ቀለህ በማጥበብ ስለሆነ፣ የሁለቱ ቂጥ ስፋት ተመሳሳይ በመሆኑ ነው።

እንቆቅልሹ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የቂጡ ስፋት ሳይለወጥ ጢስ አልባው ባሩድ ግፊቱን ወደ 2,700 የከባቢ አየር ግፊት ቢያደርሰው፣ በመዝጊያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ31 ኩንታል በላይ ይሆናል። ለበል ይህን በመዝጊያው ፊት ባሉት ሁለት የመቆለፊያ ጥርሶች ይካፈለዋል። ውጅግራ ግን የሚቆለፈው በመዝጊያው እጀታ ግርጌ ባለው አንድ ጎን ብቻ ነው። በርሜሉ ቢታደስም ጭነቱን የሚሸከመው ያው ለቀድሞው ባሩድ የታሰበ ብረት ነው።

ሐሳቡ በዘመናችን ወደ ፍጹምነት የቀረበው፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በአሜሪካ በተሸጠው የቶምሰን ሴንተር ኩባንያ ኮንቴንደር በተባለ ባለ አንድ ጥይት መሣሪያ ነው። በርሜሉ በማጠፊያ ፒን ስለሚያያዝ ባለቤቱ ፒኑን አውጥቶ የተለያየ ጥይት የሚጎርስ ሌላ በርሜል ይገጥማል። አንድ ገላ ብዙ በርሜሎችን ይሸከማል ማለት ነው። በገላውና በበርሜሉ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ልቅነት ግን በተገጠመው በርሜል ሁሉ ላይ ይጋባል።

ገዢው ምን ይመልከት?

ከዚህ በመነሣት ጠቢብ ገዢ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ጥይቱ በበርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ልክ ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ የውጅግራ ዕድሜ ያለው መሣሪያ ጢስ አልባ ባሩድ በተሞላ ጥይት እንዲሞከር ማድረግ አደጋ መጥራት ነው። ሁለተኛው፣ ክፍተቱን ነው። የጠመንጃ ሠሪ ባለሙያ ትክክለኛ መጠን ባላቸው ሁለት መለኪያ ብረቶች፣ አንዱ የሚዘጋበትና ሌላው የማይዘጋበት፣ ይለካዋል፤ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ሦስተኛው፣ ዝገት ነው። የጥቁር ባሩድ ቅሪት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጌዴኦ ባለ አካባቢ ካልጸዳ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። የሚያበራ በርሜል ከኋላው የተበላ መዝጊያ ሊሸፍን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሕግ አለ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መግዛት፣ መሸጥና መያዝ ያስቀጣል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተከሰተው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው መፈናቀላቸውን ለሚያስታውስ የዲላ ወጣት፣ ይህ አዋጅ በወረቀት ብቻ የሚኖር ጽሑፍ አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። በርሜሉ የተለወጠ ጠመንጃ አዲስ ጠመንጃ አይደለም፤ አሮጌው መዝጊያ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ የሚያምኑት መሣሪያ ነው። ይህ ለጠመንጃ ብቻ አይሠራም፤ ለድልድይም፣ ለማሽንም፣ ለማንኛውም ከክፍሎች ለተሰበሰበ ሥራ እውነት ነው። አንድ ነገር የሚጠነክረው ደካማው ክፍሉ በሚጠነክርበት ልክ ነው። ገዢው ያለውን ስሌት ከያዘ የሻጩ ምስጋና አያታልለውም።