ለኮላ ፀረ አረፋ ሲመረጥ የቆላው ሙቀትም ይታሰብ

ከአዲስ አበባ ተጭኖ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ 220 ኪሎ ሜትር ግድም በሚሆነው መንገድ ደጋውንም ቆላውንም ይቀምሳል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያም በደብረ ሲና አቆልቁሎ 1,280 ሜትር ግድም ላይ በምትገኘው ከተማ ይራገፋል። ፋብሪካው ደጃፍ ላይ እንከን ያልነበረው ኮላ በይፋት ቆላ መደብር ጥቂት ወራት ቆይቶ ሲከፈት፣ ላዩ ላይ ዘይት አንሳፎ፣ ሲማሰልም እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ደፍቆ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚወቀሰው ኮላው በሙሉ ነው። መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ግን በውስጡ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ የማይሞላው ቅመም፣ በፋብሪካ ሰዎች አጠራር «ዲፎመር» የሚባለው ፀረ አረፋ ነው።

ነጩ ኮላ ፖሊቪኒል አሲቴት የተባለው ሙጫ በደቃቅ ጠብታ መልክ በውኃ ውስጥ ተበትኖ የሚገኝበት ነው። ጠብታዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ቅመም በአብዛኛው ፖሊቪኒል አልኮል ሲሆን፣ ይኸው ቅመም የአረፋንም ግድግዳ ያጠነክራል። ስለዚህ ኮላው በተማሰለ፣ በፓምፕ በተገፋና በተቀዳ ቁጥር የገባው አየር በቀላሉ አይወጣም። ፀረ አረፋ የሚሠራው ከውኃው ጋር ባለመስማማቱ ነው። በአረፋው ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ያሳሳውና ያፈርጠዋል። ጨርሶ ከተስማማ ሟሙቶ ይቀራል፤ ጨርሶ ካልተስማማ ደግሞ ተለይቶ ይንሳፈፋል። የምርጫው ችግር በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት ነው።

አረፋ የመልክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ሚዛን ያምጣ። አየር ያልገባበት የዚህ ዓይነት ኮላ አንድ ሊትሩ 1.08 ኪሎ የሚመዝን ከሆነና ከተማሰለ በኋላ 0.95 ኪሎ ከመዘነ፣ ከዕቃው 12 በመቶ ያህሉ አየር ነው ማለት ነው። በሊትር የሚገዛው አናጢ ለአየር ገንዘብ ይከፍላል። በኪሎ የሚሸጠው አምራች ደግሞ ጣሳው ሳይከብድ ይሞላበታል። ከዚህ የሚከፋው በመጋጠሚያው ላይ የሚደርሰው ነው። አረፋው በተቀመጠበት ቦታ ሙጫ ስለማይኖር የበሩ ማዕዘን ወይም የወንበሩ እግር በሸክም ጊዜ ይከፈታል፤ ደንበኛውም የሚጠይቀው ኮላ አምራቹን ሳይሆን አናጢውን ነው።

በገበያ ያሉት ፀረ አረፋዎች በጥቅሉ ሦስት ወገን ናቸው። የማዕድን ዘይት መሠረት ያላቸው ርካሽና ለእንጨት ኮላ ብዙ ጊዜ የሚበቁ ናቸው፤ ሲቆዩ ግን ዘይታቸው ሊለይ ይችላል። ሲሊኮን ያለባቸው በጥቂቱ ብዙ ይሠራሉ። ሆኖም መጠናቸው ካለፈ ኮላው ሲቀባ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በእንጨቱ ላይ የቀረውም ቅሪት ቫርኒሹን ስለሚገፋው ዕቃው እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይቆጠቆጣል። ለአናጢ የሚሸጥ ኮላ የሚያመርት ሰው ሲሊኮንን በመጀመሪያ ምርጫነት ባይዝ ይመረጣል። ሦስተኞቹ ከሲሊኮንም ከማዕድን ዘይትም ነፃ የሆኑ፣ ከፖሊመር የሚሠሩ ሲሆኑ ዋጋቸው ከፍ ይላል። የምግብ ማሸጊያ ወረቀትና ካርቶን የሚለጥፍ አምራች ወደ እነዚህ ቢያዘነብል አያስገርምም፤ የማዕድን ዘይት ከካርቶን ወደ ምግብ እንደሚያልፍ በአውሮፓ ሲያነጋግር ቆይቷልና። በአሜሪካም ለምግብ ማሸጊያ ኮላ የሚፈቀዱት ቅመሞች በመድኃኒትና ምግብ ደንብ ቁጥር 175.105 ተዘርዝረዋል።

ዕቃው እንደ ቢዋይኬና ሙንዚንግ ካሉ የጀርመን አምራቾች ወይም ከእስያ በዶላር የሚገዛ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ርካሹን መፈለግ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በኪሎ ዋጋ ማወዳደር ያሳስታል። ለስሌት ያህል፣ ኪሎው 300 ብር የሆነው ከመቶ 0.5 እጅ የሚጨመር ከሆነ ለ1,000 ኪሎ ኮላ 5 ኪሎ ገብቶ 1,500 ብር ይፈጃል። ኪሎው 600 ብር የሆነው በ0.2 እጅ የሚበቃ ከሆነ 2 ኪሎ ብቻ ይገባና 1,200 ብር ይሆናል። መጠየቅ ያለበት የአንድ ቶን ኮላ ወጪ ነው።

የቆላው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ፀረ አረፋ በተጨመረበት ዕለት ጥሩ ይሠራል። ሙቀትና ጊዜ ግን ጠብታውን እያደቀቁ ከኮላው ጋር ያስማሙታል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ይደክማል። ቀኑ 30 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከመረ ጄሪካን ይህን ለማየት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ አምራቹ ናሙናውን በ50 ዲግሪ ሙቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አቆይቶ እንደገና ይምታው፤ ሊትሩንም ይመዝነው። ጥቂቱን በመስታወት ላይ ቀብቶ ሲደርቅ ይመልከት። በመጀመሪያው ቀን ያሸነፈው በአራተኛው ሳምንት ሊሸነፍ ይችላል። ግማሹን መጠን በማማሰሉ መጀመሪያ፣ ግማሹን ከመቀዳቱ በፊት መጨመርም የተለመደና የሚያዋጣ አሠራር ነው። (የደጋው ብርድም ቢሆን አይናቅ፤ ደብረ ብርሃን ላይ በውርጭ ሌሊት የቆመ መኪና ኮላውን ሊያበላሸው ይችላል።)

ሸዋ ሮቢት በሌላም በኩል ከኮላ ጋር ትገናኛለች። ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት ቅጠል ሲያመርትባቸው ከቆዩት እርሻዎች አንዱ እዚያው ነው። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2010 ዓ.ም ደግሞ 30.95 በመቶውን በ434 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ድርጅት ማለት ነው። ሲጋራ ሲጠቀለል የወረቀቱ ስፌት የሚያያዘው በውኃ በተሠራ ኮላ ነው። በደቂቃ በሺሕ የሚቆጠር ሲጋራ በሚተፋ መኪና ላይ አንዲት አረፋ የኮላውን መስመር ከቆረጠች ስፌቱ ይከፈታል። በዚያ ላይ ኮላው ከትምባሆው ጋር አብሮ ስለሚነድ፣ ፀረ አረፋው ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ሲቃጠል ምን እንደሚተው ነው።

ወደ አናጢው ስንመለስ፣ ሙቀቱ ኮላውን ሲያወፍርበት ውኃ ጨምሮ በኃይል ቢመታው አየር ያስገባል፤ ፀረ አረፋውንም ያሳሳዋል። አረፋ ለማጥፋት ላምባ ወይም የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግም ለደቂቃዎች ይረዳል፤ መጋጠሚያውን ግን ያላላል። ይልቅ ሲገዛ የተመረተበትን ቀን ይጠይቅ፤ ክዳኑንም ያስከፍት። ላዩ ዘይት የያዘውን ቀስ ብሎ አማስሎ ጥቂት ይጠብቅ፤ ዘይቱ ተመልሶ ከወጣ ጄሪካኑን ለሻጩ ይተውለት።