ስቶ ያሰጠመው ቦምብ

ኦስትፍሪስላንድ በቀላሉ የምትበገር መርከብ አልነበረችም። ከ22,000 ቶን በላይ የምትመዝነው ይህች የጀርመን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1916 ከዩትላንድ ውጊያ ስትመለስ የባህር ፈንጂ ፈንድቶባት እንኳ ወደቧ ገብታለች። ከጦርነቱ በኋላ ግን በአሜሪካ እጅ ወደቀች። በጁላይ 1921 ከቨርጂኒያ ጠረፍ ርቃ፣ አንድም ሰው ሳይኖርባት፣ ለቦምብ ዒላማ ቆመች።

ለዚህ ያበቃት ክርክር ነው። አሜሪካዊው ብርጋዴር ጄኔራል ቢሊ ሚቸል ጠረፋችንን ከጠላት መርከብ የሚጠብቀው አውሮፕላን ነው፣ በአንድ የጦር መርከብ ዋጋ አንድ ሺህ ቦምብ ጣይ ይሠራል እያለ ሲወተውት ከርሟል። ብዙ የባህር ኃይል መኮንኖች ደግሞ ይህን ያህል ብረት የለበሰች መርከብ ከአየር ትሰጥማለች ብለው አላመኑም።

ጁላይ 20 ቀን የተጣሉት ትንንሽ ቦምቦች አላሰጠሟትም። በማግስቱ ጠዋት 1,000 ፓውንድ የሚመዝኑት ወረዱ፤ የመቷትም ነበሩ። አሁንም ተንሳፍፋለች።

እኩለ ቀን ላይ 2,000 ፓውንድ የሚመዝኑት ተራ ደረሰ። ሚቸል አብራሪዎቹን ያዘዛቸው መርከቧን ሳይሆን አጠገቧ ያለውን ውሃ እንዲመቱ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ነው! ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ከሥሩ የሚፈነዳ ቦምብ ግፊቱን ሳያባክን ወደ መርከቧ ሆድ ይገፋዋል፤ ወፍራሙ ብረት ደግሞ ያለው ከላይና ከጎን እንጂ ከታች አይደለም። ቦምቦቹ ጥግ ጥጓን ወደቁ፣ ውሃው ተራራ አክሎ ተነሣ፣ ስፌቷ ተከፈተ። ከመጀመሪያው ቦምብ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ በኋላዋ በኩል ወደ ጥልቁ ወረደች።

የባህር ኃይሉ ተቃውሞ ግን እውነት ነበረው ባይ ነኝ። መርከቧ ቆማ ነበር፤ የገባባትን ውሃ የሚቀዳላት መርከበኛ፣ የሚተኩስላት መድፍ አልነበራትም። በሰፊው ባህር ላይ የምትሄደዋን መርከብ መጀመሪያ ማን ያገኛታል?

መልሱ ዓመታት ፈጀ። በሜይ 1938 ሦስት የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች፣ ከርቲስ ለሜይ አቅጣጫ እየመራቸው፣ በዝናብና በደመና ውስጥ አልፈው ከጠረፍ ከ600 ማይል በላይ ርቃ የነበረችውን ሬክስ የተባለች የጣሊያን መንገደኛ መርከብ አገኟት። ዝቅ ብለው አጠገቧ ሲያልፉ የተነሣው ፎቶግራፍ በጋዜጦች ወጣ። ሚቸል ያረፈው በ1936 ነበር፤ ፎቶውን አላየውም።