በጠጠር መንገዱና በበቆሎው መካከል፦ የአዮዋ መንገድ ዳሮች

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በምትገኘው በአዮዋ ግዛት የገጠር መንገድ አይጠማዘዝም። በ1785 የወጣው የመሬት አዋጅ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምድሩን በየ1.6 ኪሎ ሜትሩ ቀጥ ባለ መስመር እንዲከፋፈል አደረገ፤ መንገዶቹም በእነዚያው መስመሮች ላይ ተዘረጉ። የአንድ ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) መንገድ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ያህል ስፋት አለው። መኪና የሚሄድበት ጠጠር ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረው በግራና በቀኝ ያለው ተዳፋት፣ የውሃ መውረጃ ቦይና እስከ ገበሬው አጥር የሚደርሰው ጠርዝ ነው። ይህ ቀጭን መሬት በግዛቲቱ ሲደመር ከ240 ሺህ ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ሌላው መሬት ከሞላ ጎደል በሙሉ በግለሰቦች እጅ በሆነባት አዮዋ፣ ሕዝብ «የእኔ» ሊለው ከሚችለው መሬት ትልቁን ድርሻ የያዘው ማንም ልብ ብሎ የማያየው የመንገድ ዳር ነው ማለት ነው።

በዚያ ላይ ምን ይብቀል? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ግን ከኋላው አንድ ትልቅ ኪሳራ አለ። ነጮች ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ከአዮዋ ምድር 80 በመቶ ያህሉ ፕሬሪ የሚባለው፣ ዛፍ የሌለበት የረጅም ሣር ሜዳ ነበር። ቢግ ብሉስቴም የተባለው ሣር ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ ደግሞ ከላይ ከሚታየው አያንስም። ኮምፓስ ፕላንት የሚባለው አበባ ሥሩን እስከ 4 ሜትር ተኩል ድረስ ወደ ታች ይሰዳል። ሜዳውን በየጊዜው የሚያቃጥለው መብረቅና፣ ከሁሉ በላይ፣ የአገሬው ነባር ሕዝቦች እሳት ነበር፤ እሳቱ ዛፍና ቁጥቋጦ እንዳይወርሰው ሲጠብቀው፣ ሥሩ ከታች የተረፈው ሣር በፀደይ ተመልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። በዚህ ኡደት በሺዎች ዓመታት የተከማቸው ጥቁር አፈር ሜዳውን ለጥፋት ዳረገው። አንጥረኛው ጆን ዲር በ1837 በኢሊኖይ የአረብ ብረት ማረሻውን ሠራ፤ አፈር የማይጣበቅበት ማረሻ ሲስፋፋና ረግረጉ በተቀበሩ የሸክላ ቧንቧዎች ሲደርቅ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሜዳው በቆሎ ሆነ። ዛሬ በአዮዋ የቀረው ነባር ፕሬሪ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። የተረፈውም ማረሻ ባልደረሰበት ጥግ ነው፤ በአሮጌ መካነ መቃብር፣ በባቡር ሐዲድ ዳርና በመንገድ ወሰን።

በአዮዋ የተወለደው የሥነ ምህዳር ጸሐፊ አልዶ ሊዮፖልድ፣ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው «ኤ ሳንድ ካውንቲ አልማናክ» ውስጥ በዊስኮንሲን ስለሚያውቀው አንድ የገጠር መቃብር ይተርካል። በመቃብሩ ጥግ ላይ የቀረው ኮምፓስ ፕላንት በየሐምሌው ሲያብብ ያየው ነበር፤ በኋላ የመንገድ ሠራተኞች አጥሩን አንስተው አበባውን አጨዱት። ሠራተኞቹ ክፋት አልነበራቸውም። የታዘዙት መንገድ ዳር እንዲያጸዱ ነው።

«ማጽዳት» የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ የዘርፉ መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፀረ አረም ኬሚካል ሲረክስ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መርጨትና ደጋግሞ ማጨድ ያዙ፤ ባዶ በቀረው አፈር ላይም ከአውሮፓና እስያ የመጣውን ብሮም ሣር ዘሩበት። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው «ሳይለንት ስፕሪንግ» የመንገድ ዳር ርጭትን በስም ጠርታ ወቅሳለች። የዘዴው ድካም ግን ከውስጡም ታየ። ነዳጅና ኬሚካል በየዓመቱ ገንዘብ ይበላል። አበባና ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ በጅምላ የሚገድል ርጭት ደግሞ ጎጂውን አረም ሊሻሙት ይችሉ የነበሩትን ተክሎች ያጠፋና ቦታውን ለሚቀጥለው ዓመት አረም ያመቻቻል። መንገድ የአረም መጓጓዣ መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያውቃል፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ቅንጨ አረም በአገራችን በመንገድ ዳር፣ በመኪናና በእህል ጭነት እየተጓዘ ወደ እርሻና ግጦሽ ዘልቋል። በአዮዋ ተመሳሳይ ራስ ምታት የሆኑት የካናዳ እሾህ (ስሙ ቢያሳስትም መነሻው አውሮፓ ነው) እና የዱር ፓርስኒፕ ናቸው። የፓርስኒፕ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፤ ስለዚህ የመንገድ ሠራተኞች በሙቀትም ረጅም እጅጌ ለብሰው ይሠራሉ።

ለውጡ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። የአዮዋ ሕግ አውጪዎች በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ የተቀናጀ የመንገድ ዳር ዕፅዋት አያያዝን በሕግ አስገቡ፤ ሥራውን የሚደግፍ «ሊቪንግ ሮድዌይ» የተባለ ፈንድም አቋቋሙ። የአያያዙ ሐሳብ ይህ ነው፦ ኬሚካሉ አይከለከልም፤ ግን በጅምላ መርጨት ቀርቶ ለይቶ በቦታው ይነካል። ማጨዱም አይቀርም፤ ለአሽከርካሪ እይታ የሚያስፈልገው የመንገዱ ጠርዝና መገናኛው ይታጨዳል፣ የቀረው ይተዋል። ዋናው መከላከያ ግን ሥሩ ጥልቅ የሆነ፣ አፈሩን የያዘ፣ ለአረም ቦታ የማይሰጥ ነባር ተክል ነው። ጥቂት ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ከጁላይ 15 በፊት የገጠር መንገድ ዳር እንዳይታጨድም ሕጉ ይከለክላል፤ በሣሩ ውስጥ ጎጆ የሠሩ ወፎች ጫጩቶቻቸውን እንዲያወጡ ነው።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው የዘሩ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ችግሩ ፈቃድ ሳይሆን ዘር ማጣት ነበር። በገበያ የሚገኘው የፕሬሪ ዘር ውድ ነበር፤ አብዛኛው ከደቡብና ከምዕራብ ርቀው ካሉ ግዛቶች የመጣ ስለነበር ከአዮዋ ክረምትና አፈር ጋር በሚገባ አይስማማም ነበር። በሲደር ፎልስ የሚገኘው የሰሜን አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ በባዮሎጂ ፕሮፌሰሩ ዳሪል ስሚዝ መሪነት፣ ግዛቲቱን ሰሜን፣ መካከልና ደቡብ ብሎ በሦስት ከፈለ። ከየቀጠናው ከተረፉት ቁራሽ ሜዳዎች ጥቂት ጥቂት ዘር በእጅ እየተለቀመ በዩኒቨርሲቲው መደብ ላይ ተባዛ፤ የተባዛው ለግል ዘር አምራቾች ተሰጠ። ከእነርሱ የሚወጣው ከረጢት የዘሩን መነሻ ቀጠና የሚመሰክር ቢጫ መለያ ይታሰርበታል። ቀድሞ አንድ ሰው በኪሱ የሚይዘው ዘር በዚህ መንገድ ካውንቲ በከረጢት የሚገዛው ሆነ። ዛሬ ቶልግራስ ፕሬሪ ሴንተር የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ማዕከል ይህን ዘር በፌዴራል ገንዘብ እየገዛ ለካውንቲዎች ያከፋፍላል።

ዘሩ ከተዘራ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ትዕግሥት ይፈትናል። ቦይ በኤክስካቫተር ተጠርጎ አፈሩ ራቁቱን ሲቀር፣ ዘሩ ከውሃና ከተፈጨ ገለባ መሰል ሽፋን ጋር ተቀላቅሎ በማሽን ይረጫል፤ አፈሩን ቶሎ እንዲይዝም አጃ አብሮ ይዘራል። በዚያ በጋ አላፊው የሚያየው አረም ብቻ ነው። የፕሬሪው ቡቃያ ጣት የማታህል ቅጠል አውጥቶ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ሥሩ ያውላል። ባለሙያው ማጨጃውን ከቡቃያው በላይ ከፍ አድርጎ አረሙ አበባ ሳያወጣ ይቆርጠዋል፤ በበጋው ይህን ደጋግሞ ያደርጋል። ጎረቤቱ ገበሬ «ገንዘባችን በእንክርዳድ ላይ ፈሰሰ» ብሎ ለካውንቲው አቤት የሚለውም ያን ጊዜ ነው። አበባውና ረጅሙ ሣር የሚለዩት በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው።

መንገድ ዳር ለእንስሳት መኖሪያ ነው ወይስ ወጥመድ? ክርክሩ እውነተኛ ነው። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ነባር ፕሬሪ በተመለሰባቸው መንገድ ዳሮች መኖሪያ የሚመርጡ ቢራቢሮዎች ሣር ብቻ ወይም አረም ካለባቸው ይልቅ በብዛት ተገኝተዋል፤ አበባ ያገኘ ቢራቢሮ ወደ መንገዱ የሚወጣበት ምክንያትም ስለሚያንስ በመኪና የመመታት አደጋው ዝቅ ያለ ነበር። በሌላ በኩል በሚኒሶታ የተደረገ ጥናት በክረምት ለበረዶ ማቅለጫ የሚበተነው ጨው በመንገድ ዳር ተክሎች ውስጥ ገብቶ የቢራቢሮን አካል እድገት እንደሚለውጥ አሳይቷል። ከሁለቱ የምረዳው፣ ተሽከርካሪና ጨው የማይበዛበት የገጠር መንገድ ለዚህ ሥራ ከአውራ ጎዳና እንደሚሻል ነው።

አውራ ጎዳናው ግን ዝናውን ወስዷል። በ2016 ስድስት ግዛቶች ከቴክሳስ እስከ ሚኒሶታ የሚዘልቀውን ኢንተርስቴት 35 የሞናርክ ቢራቢሮ መተላለፊያ ለማድረግ ተስማሙ። ሞናርክ በየዓመቱ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች ይሰደዳል፤ አባጨጓሬው የሚበላው ደግሞ ሲቀነጠስ ነጭ ፈሳሽ የሚወጣውን ሚልክዊድ ብቻ ነው። በሚኒያፖሊስና በዳላስ መካከል የሚመላለሱ ብዙ የሐበሻ ከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያውቁት ያው ጎዳና ነው። ቴክሳስ በበኩሏ ከ1930ዎቹ ጀምሮ መንገድ ዳሯን አበባ ስትዘራ ኖራለች፤ የቀድሞዋ ቀዳማዊት እመቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን ግፊት ሲጨመርበት የፌዴራል ሕግም በ1987 ከመንገድ ማስዋቢያ በጀት ቢያንስ ሩብ በመቶው ለአገር በቀል የዱር አበባ እንዲውል አዟል።

ሕግና ዘር ቢኖሩም ከአዮዋ 99 ካውንቲዎች የመንገድ ዳር ባለሙያ የቀጠሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። እኔ ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስለኛል። ባለሙያ በሌለበት ካውንቲ የተጠረገ ቦይ እንደ ድሮው ብሮም ይዘራበታል፤ ብሮም አንዴ ከያዘ ደግሞ ለመንቀል ዓመታትና ኬሚካል ይጠይቃል። ማረሻውን በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ወሰን የሚያስገባውን ገበሬ ሄዶ በጨዋ ቃል የሚያነጋግረው፣ ለተረፈው ቁራሽ ሜዳ ምልክት ተክሎ ርጭቱ እንዲያልፈው የሚያደርገው፣ በፀደይ ነፋሱን አይቶ ቃጠሎውን የሚመራውም ይህ ባለሙያ ነው። ደመወዙ ግን በየዓመቱ ከጠጠርና ከድልድይ ጥገና ጋር በአንድ የካውንቲ በጀት ላይ ይሻማል፤ ጡረታ ሲወጣ ቦታው ሳይሞላ የቀረባቸው ካውንቲዎችም አሉ።