ከአርባ ምንጭ እስከ ምቦምቤላ፤ የኳስ ደጋፊ በሰው አገር

የአገሩን የእግር ኳስ ቡድን ተከትሎ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የሹመት ደብዳቤ የለውም፤ አበልም አይቆረጥለትም። ነገር ግን ድንበር ተሻግሮ ባለ ሦስት ቀለም ጥለት ነጠላውን በትከሻው ላይ ጣል ባደረገ ጊዜ፣ ያየው ሰው ሁሉ «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» ብሎ የሚፈርደው በእርሱ ነው። ስለዚህ ደጋፊ ሳይሾም የተላከ መልእክተኛ ነው ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

ይህን ነገር ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የ2027 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ እንዲደረግ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተወስኗል። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በኮንሶና በያቤሎ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሰው የሚጓዘው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ከሚጓዘው ብዙም አይበልጥም፤ ከሞያሌ ወዲያ ያለው ደግሞ የኬንያ ምድር ነው። ቡድናችን እዚያ ቢሰለፍም ባይሰለፍም፣ ለጋሞ ወጣት የውጭ አገር ሜዳ እንደ ድሮው የሩቅ ወሬ አይደለም። እንግዲያው እንዴት መሄድ፣ እንዴትስ መመለስ እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

የአርባ ምንጭ ልጅ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከጫሞ ሐይቅ አዞዎች የተነሣ «አዞዎቹ» የሚባለውን አርባ ምንጭ ከተማን ተከትሎ የሄደ ደጋፊ፣ ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ መጓዝን፣ በእንግዳ ከተማ ማደርን፣ ተሸንፎም እየዘፈኑ መመለስን ያውቀዋል። ከሲቀላና ከሴቻ ወጥቶ ሶዶ ላይ ከወላይታ ድቻ ደጋፊ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ በሰላም የተለያየ ወጣት፣ የውጭ አገሩን ጉዞ የመጀመሪያ ትምህርት ተምሯል ማለት ነው።

ትልቁን ትምህርት ግን የምናገኘው ከ2005 ዓ.ም. ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመራ የነበረው ብሔራዊ ቡድናችን በሱዳን ምድር 5 ለ3 ተሸንፎ ከተመለሰ በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ0 አሸነፈና ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃ። ጥር 13 ቀንም በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ ምሰሶዎቹ በቀጭኔ አምሳል በተሠሩት በምቦምቤላ ስታዲየም፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። በዚያን ቀን በመቀመጫው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሶ የታየው የኢትዮጵያዊ ብዛት የሌላውን አገር ሰው ያስደነቀ ነበር።

ጨዋታው እንደ ምኞታችን አልጀመረም። ሳላዲን ሰይድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተያዘ፤ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲልም ዛምቢያ አገባች። ይሁን እንጂ በ10 ሰው የቀረው ቡድን አልተበተነም፤ ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ1 ወጡ። በሰው አገር ሆኖ፣ ሰው ጎድሎበት፣ ግብ ተቆጥሮበት ለሚሮጥ ተጫዋች በገዛ ቋንቋው የሚጮህለት ሕዝብ መኖሩ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሆን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ0፣ በናይጄሪያም 2 ለ0 ተሸንፈን ተመልሰናል።

የቦታውም ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ፣ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትገጥም የተመደበችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን ለማቅረብ እምቢ በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ አለፈች። ይድነቃቸው ተሰማም በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በሆኑ ጊዜ የዘር መድልዎን በብርቱ የተቃወሙ ሰው ነበሩ። ከ56 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ደጋፊ በዚያችው አገር ሜዳ ከጥቁሩም ከነጩም ጋር ተቀምጦ ቩቩዜላ መንፋቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያ ሁሉ ሰው ግን ከወዴት መጣ? ከአገር ቤት በአውሮፕላን የሄደው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው እዚያው በደቡብ አፍሪካ የሚኖር፣ በጆሐንስበርግ በጄፒ ጎዳና ዙሪያና በየመንደሩ ሱቅ ከፍቶ የሚያድር ነው፤ ብዙውም የሆሳዕና፣ የከምባታና የሌላው የደቡብ አገራችን ልጅ ነው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ በሞያሌ ወጥተው፣ ኬንያን፣ ታንዛንያንና ሌሎችንም አገሮች በስውር አቋርጠው የደረሱ ናቸው። መንገዱ የሚያስከፍለውን ዋጋ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አይተነዋል፤ በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ወደ አገሩ ለመመለስ ወረቀት ለሌለው ሰው፣ በዚያ በጥር ወር አገሩ ራሷ ወደ እርሱ የመጣች ያህል ነበር።

ከዚህ የምንማረው አለ። ደጋፊ በፓስፖርቱ ሄዶ በፓስፖርቱ የሚመለስ ሰው ነው። ለጨዋታ ተብሎ በተሰጠ ፈቃድ ሄዶ የሚቀር ሰው፣ ራሱን ለችግር ከማጋለጡም በላይ በኋላው ለሚመጣው እውነተኛ ደጋፊ በሩን ይዘጋበታል።

ሁለተኛው ትምህርት የጠባይ ነው። በምቦምቤላ ቀይ ካርዱ በተሰጠ ጊዜ ከደጋፊው አንዳንዶቹ ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወረወሩ፤ ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ በፌዴሬሽናችንም ላይ የገንዘብ ቅጣት ተወሰነ። የጥቂቶች ቁጣ የሺዎችን ዘፈን አጎደፈው። ለዚህ የሚሆነውን ምክር ለመፈለግ ከጋሞ ምድር መራቅ አያስፈልግም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው መገደላቸውን የሰሙ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን አክብረው ተመለሱ። በደም የመጣን ቁጣ በእርጥብ ሣር ለመመለስ የቻለ ሕዝብ ልጅ፣ በዳኛ ፊሽካ የመጣውን ቁጣ ለመዋጥ አይሳነውም። ከየደጋፊው ማኅበር ጋር እንዲህ ያለ አስተዋይ ታላቅ ሰው አብሮ ቢሄድ፣ ከብዙ ፖሊስ የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ደግሞም ደጋፊ በውጭ አገር የሚያስፈልገው በእንግድነት ለሚደረግ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሜዳዎቻችን በኮንፌዴሬሽኑ ዘንድ ብቁ አይደሉም ስለ ተባለ፣ ኢትዮጵያ የባለሜዳነት ጨዋታዋን በሰው አገር ያደረገችበት ዘመን መጥቷል። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን በጆሐንስበርግ ተቀብላ 1 ለ1 ወጣች፤ ሰኔ 2 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ ግብፅን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ 2 ለ0 አሸነፈች። አገር ቤት ያለው ሕዝብ ያን ደስታ ያገኘው በሬድዮና በቴሌቪዥን ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሾሙ ወጣቶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ለሜዳ መልበሻ ክፍል፣ መብራትና የተቆጠረ መቀመጫ ማዘጋጀት ለአንድ ሕዝብ የገዛ ቡድኑን በገዛ አገሩ የማየት መብት መስጠት ነው።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰበ ወጣት ከወዲሁ ምን ያድርግ? ፓስፖርቱን በጊዜ ያውጣ፤ የቢጫ ወባ ክትባቱን ተከትቦ ካርዱን ይያዝ፤ የመግቢያ ፈቃዱን ነገር ከኤምባሲ ይጠይቅ እንጂ ከደላላ አይስማ፤ የውጭ ምንዛሪውንም በባንክ በኩል ያግኝ። የወር ደመወዝ ለብቻው አይበቃም ለሚል ሰው፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት መልሱ ነው፤ ጓደኛሞች ዕቁብ ቢጥሉ የአንዱ ጉዞ የሁሉም ይሆናል። ነጠላውንም ከሩቅ አይግዛ፤ ከጨንቻና ከዶርዜ ሸማኔ እጅ የወጣው ይበቃዋል። ያንን ለብሶ የሄደ ሰው ቡድኑ ቢሸነፍ እንኳ፣ የተቀመጠበትን ቦታ አጽድቶ፣ ያሸነፈውን ጨብጦ፣ በመጣበት መንገድ በሰላም ወደ ጋሞ ተራሮች ቢመለስ፣ የተላከበትን ፈጽሟል።