የሰርቨር ኦዲት ሎግ፦ ድርጊቱን ከአድራጊው አትለዩ

ሰርቨር ላይ ፋይል ጠፍቶ «ማን ነካው?» ሲባል ቁርጥ ያለ መልስ የሚገኘው ከሊኑክስ ኦዲት ሎግ ነው። ሌላው ሎግ በአብዛኛው ፕሮግራሞች ስለራሳቸው የሚናገሩት ነው፤ የኦዲቱ መረጃ ግን ከከርነሉ ስለሚመጣ ፕሮግራሙ ዝም ቢልም ድርጊቱ ይመዘገባል። ይህን የመሰለ መሣሪያ በየቦታው ተጭኖ ዞር ብሎ የሚያየው መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የኦዲቱ አገልግሎት ኦዲትዲ የታዘዘውን ይጽፋል፣ እንደ ፋይልቢት ያለ አጓጓዥ ያነሣዋል፣ ኤላስቲክሰርች፣ ግሬይሎግ ወይም ስፕለንክ ተቀብሎ ለፍለጋ ያሰናዳዋል።

ጣጣው ያለው «አንድ መስመር፣ አንድ ክስተት» በሚለው እምነት ላይ ነው። ለድረ ገጽ ሰርቨር ሎግ ይሠራል፤ ለኦዲት አይሠራም። በኦዲት ደንብ ክትትል የሚደረግበት ፋይል በሱዶ ሲሰረዝ ኦዲት የሚጽፈው ብዙ መስመር ነው። «ሲስኮል» የሚለው መስመር ሰውየውንና ድርጊቱ መሳካቱን ይይዛል። «ሲደብልዩዲ» ሰውየው የቆመበትን ዳይሬክተሪ፣ «ፓዝ» የተሰረዘውን ፋይል፣ «ፕሮክታይትል» ኮማንዱን ይይዛሉ፤ ኮማንዱም ብዙ ጊዜ በሄክስ ስለሚጻፍ ሳይፈታ ቢገባ በቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የፋይሉ ስም ያለበት መስመር የሰውየው ስም የለውም፤ ሰውየው ያለበትም ፋይሉን አያውቅም።

የሚያገናኛቸው በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የሰዓትና የተራ ቁጥር ጥምር ነው። ተራ ቁጥሩ ማሽኑ ሲነሣ እንደገና ስለሚጀምር ብቻውን አይታመንም። ሎጉ ደግሞ ካልታዘዘ በስተቀር የሰርቨሩን ስም አይጽፍም። ስለዚህ ብዙ ሰርቨር ወደ አንድ ቦታ የሚያስገባ ሰው ሰዓቱን፣ ተራ ቁጥሩንና የሰርቨሩን ስም አንድ ላይ ይያዝ። መስመሮቹን ሰብስበው አንድ ክስተት የሚያደርጉ ኦዲትቢትና ላውረል እያሉ ይህን በእጅ መልቀም አያስፈልግም።

ከሁሉም የምወደው መስክ «ኤዩአይዲ» ነው። ሰው በራሱ ስም ገብቶ በሱዶ ሩት ሲሆን «ዩአይዲ» 0 ይሆናል፤ «ኤዩአይዲ» ግን መጀመሪያ የገባበትን መለያ እንደያዘ ይቆያል። 4294967295 ሲል ያዩ ሰዎች ሰርጎ ገብ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ትርጉሙ ድርጊቱ ከማንም ሎግኢን ጋር አልተያያዘም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ራሱ ያስነሣው አገልግሎት ነው። 1001 የሚለው መለያ ቁጥርም በአንዱ ሰርቨር አንድ ሰው፣ በሌላው ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ የሎጉ ቅርጽ ከቁጥሩ ጎን ስሙንም የሚጽፈው «ኤንሪችድ» መሆኑ ይረጋገጥ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ መስክ «ቦታ ይበላል» ተብሎ ሲገባ ተቆርጦ አግኝቻለሁ። ዳሽቦርዱ ያማረ ነው፤ የሚያሳየው ግን ሁሉንም ነገር ሩት እንዳደረገው ነው። ወደ ዋናው ሎግ ስንመለስ ተደምስሷል፤ ኦዲትዲ ካልተስተካከለ የሚያስቀምጠው እያንዳንዳቸው 8 ሜጋባይት የሆኑ 5 ፋይሎችን ነውና፣ ሥራ የበዛበት ሰርቨር ቶሎ ይጽፍባቸዋል። ሎጉ የበዛበት ሰው መቀነስ ያለበት ከምንጩ፣ የማይፈልገውን ድርጊት ከመመዝገቢያ ደንቡ በማውጣት ነው። የሚመዘገበውን ክስተት እጅና እግር መቁረጥ ቁጠባ አይደለም።

ሥራው ተጠናቀቀ ከማለታችሁ በፊት በራሳችሁ ስም ግቡ፣ ክትትል የሚደረግበት የሙከራ ፋይል በሱዶ ሰርዙ፣ ከዚያም በፋይሉ ስም ፈልጉ። ስማችሁ፣ ኮማንዱና ፋይሉ በአንድ ክስተት ካልወጡ ሎጉ ገና አልገባም።