«ይራመዱ» ብለን እናዛለን፤ ግን የት?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ ከደጃፋችሁ ስለሚጀምረው መንገድ ነው።

ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ታካሚዎች «በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን እያሉ ይራመዱ» ማለት የዕለት ሥራዬ ነው። አንዳንድ እናቶች ታዲያ «ልጄ፣ እኔስ በወደድኩ! መንገዱ ነው እንጂ የማያስራምደው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋ ተደፍቷል፣ መኪና ቆሟል፣ ቱቦው ክዳን የለውም። ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ደግሞ ሚኒባሱ ከኋላ ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለዚህ የጂም ክፍያ አያስፈልግም፤ እግር ወይም ብስክሌት ይበቃል። ግን ማንም ሰው በሚፈራው መንገድ ላይ አይራመድም። ደህና መንገድ የጤና ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

🚗 ፍጥነት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ አዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ድንገት መንገድ ገባ እንበል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 30 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን በ13ኛው ሜትር ላይ ገና ፍሬን መርገጡ ነው! ለመቆም 27 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ልጁ 15 ሜትር ርቀት ላይ ከነበረ፣ ከመጀመሪያው መኪና ደንግጦ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ከሁለተኛው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል፤ ያውም ከደረሰ። ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት የከተማ መንገድ ላይ ከ30 አትለፉ የሚባለው ለዚህ ነው።

🚲 መንገድ ይለወጣል?

አዎ፣ ይለወጣል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መኪና ቆሞ ሕዝቡ አስፋልት ላይ ስፖርት ሲሠራ አይተናል። በቅርቡም በኮሪደር ልማት የታደሱ መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አግኝተዋል። ባህር ዳርና ሐዋሳን የምታውቁ ደግሞ ብስክሌት የስፖርተኛ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ችግሩ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ ሰፈር ስንገባ ነው። ልጆቻችን የሚውሉት ደግሞ እዚያ ነው።

✅ ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አንድ ቦታ ምረጡ። «መንገዳችን አደገኛ ነው» ከማለት «የትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡15» በሉ። ለአንድ ሳምንት ስንት ልጅ እንደሚሻገር ቁጠሩ፤ ፎቶ አንሱ።

2. ለእድሩ አቅርቡት። እድር ድንኳን ለመትከል ብቻ ለምን ይሰበሰባል? ድንኳኑ እንዳይተከልም ይምከር እንጂ! የወላጅ መምህር ኅብረቱንም ጨምሩ።

3. በአንድ ገጽ ጻፉ። የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት፦ ዜብራ፣ ፍጥነት መቀነሻ (ብሬከር)፣ የቱቦ ክዳን፣ የመንገድ መብራት። ፊርማ አሰባስባችሁ ለወረዳው አስገቡ፤ ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ደግሞ ግልባጭ አድርጉ። ደብዳቤው የገባበትን ቀንና ቁጥር መያዝ አትርሱ፤ ስትመላለሱ እሱ ነው የሚያግዛችሁ።

4. ብሬከር በራሳችሁ አትሥሩ። የድንጋይና የአፈር ክምር ማታ ለብስክሌትና ለሞተር ነጂ ወጥመድ ነው፤ አምቡላንስም ያዘገያል።

5. ከራሳችን እንጀምር። አሸዋችንን ከእግረኛ መንገድ እናንሳ፣ መኪናችንን እዚያ አናቁም፣ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለን እንንዳ።

እስከዚያው ድረስ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ግራችሁን ይዛችሁ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ሂዱ። ብስክሌት ግን እንደ መኪና በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ሄልሜት ይኑራችሁ፣ ሲመሽ መብራትና ፈካ ያለ ልብስ።

ይህን ጽሑፍ ለእድራችሁ ወይም ለወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላኩት። ከሥሩ የምትፈሩትን የአንድ ቦታ ስም ጻፉበት፤ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ! 🙏